የ«ላህ ማዶ» ድራማ ሙሽራ ከትዳሯ ስለምትወጣበት ሁኔታ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የወ/ሮ ሥርጉት ልብስ ስፌት ቤት (የኮሌጁ አዳራሽ ለፈተና ስለተያዘ)

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ አንዷለም፣ ሰብሳቢና ዳይሬክተር
2. ወ/ሪት ውዳሴ፣ ደራሲ
3. ወ/ሪት ትሕትና፣ ሙሽራዋን አደይን የምትጫወት
4. አቶ ወንዳወቅ፣ ሙሽራውን ዘሩን የሚጫወት
5. አቶ ወንዳወቅ፣ የድምፅ ክፍል ኃላፊ
6. አቶ ናሁሰናይ፣ የካሜራ ባለሙያና የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ አቶ ክንፈሚካኤል፣ የሙሽራዋን አባት የሚጫወት። የካሜራ ማቆሚያችንን ይዞ አዴት ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ስልኩ አይነሳም።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

የቡድኑ መተዳደሪያ ደንብ ስብሰባ ለማካሄድ ስድስት አባላት ያስፈልጋሉ ይላል። የተገኘነው አምስት ነበርን። ሰብሳቢው፣ ወንዳወቅ ሁለት የሥራ ድርሻ ስላለው እንደ ሁለት ሰው ቢቆጠር ማን ይቃወማል ሲል ጠይቋል። ወንዳወቅ ሁለቱም እንደሚስማሙ ገልጿል። በዚሁ መሠረት ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ተከፍቷል።

የዕለቱ አጀንዳ የክፍል ሁለት ቀረጻ ብቻ ነበር።

ስለ አጀንዳ ለውጥ

ሰብሳቢው «ውድ የቡድናችን አባላት» ብሎ እንደጀመረ የትሕትና አባት ቄስ ያረጋል በሩ ላይ ቆመው ታይተዋል። ከቅዳሴ በኋላ ከቡሬ መንገድ ካለው የገጠር ደብራቸው በሚኒባስ የመጡ ናቸው። አባላት ተነስተው መስቀል ተሳልመዋል። ወንዳወቅ የተሳለመው አንድ ጊዜ ነው።

ሰብሳቢው እንግዳውን ከአባላት ጋር ለማስተዋወቅ የስም ዝርዝሩን ጮክ ብሎ አንብቧል። «ወይዘሪት ትሕትና» ሲል ቄስ ያረጋል አቋርጠው፣ «ያቺን ቃል አድምቀህ ጻፋት ልጄ። በአገሩ ወይዘሪት የሚላት የቀራችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ» ብለዋል። ቀጥሎም የመጡበትን ጉዳይ አስረድተዋል።

ጉዳዩ ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ነው። የድራማችን ክፍል አንድ የአደይና የዘሩን ሠርግ ያሳያል። ዳስ ለመጣልና ሠርገኛ ለማብላት አቅም ስላልነበረን፣ በጥር ወር ቡሬ አጠገብ አንድ እውነተኛ ሠርግ ላይ ተገኝተን፣ ሙሽሮቹ ምሳ ሲበሉ ትሕትናንና ወንዳወቅን በቦታቸው አስቀምጠን ቀርጸናል። ባለሠርጎቹ ፈቅደዋል፤ ሠርገኛውም በሙሉ ልቡ ዘፍኗል። ሰብሳቢው በወቅቱ «ተፈጥሯዊነቱ ልዩ ነው» ማለቱ ባለፈው ቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል።

ተፈጥሯዊነቱ ከመጠን ማለፉን ቄስ ያረጋል ገልጸዋል። ሠርገኛውን ሁሉ አገሩ በመልክ ስለሚያውቀው ሠርጉን እውነት ነው ብሎ አምኗል። አንድ የቡሬ ቤተሰብ ትሕትናን ለልጁ ጠይቆ፣ እሳቸውም እሺ ብለው፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ታስቦ ነበር። ቤተሰቡ ክፍል አንድን በስልክ ካየ ወዲህ ግን «ለካ ያገባች ልጅ ነው ልትሰጡን የነበረው?» ብሎ ሽማግሌ መላኩን አቁሟል። የሽንዲዋ እህታቸው እትዬ ካሰችም «የወንድሜ ልጅ ስትዳር እኔ በስልክ ልይ?» ብለው አኩርፈዋል።

«ድራማ ነው ብል ማን ይስማኝ?» ብለዋል ቄስ ያረጋል። «እኔ ራሴ ልጄን በቬሎ ሳያት ደንግጬ ተቀመጥሁ። አሁን በስልክ ያጋባችሁትን በስልክ አፍርሱልኝ።»

ሰብሳቢው ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን በማመን የክፍል ሁለት ቀረጻ በዚህ አጀንዳ እንዲተካ ሐሳብ አቅርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ትሕትና አስተያየት አልተጠየቀችም።

ውሳኔ አንድ፦ ማስታወቂያ ስለመለጠፍ

ሰብሳቢው ከክፍል አንድ መጀመሪያ ላይ «ይህ ድራማ ነው» የሚል ጽሑፍ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቧል። ውዳሴ፣ ጽሑፉ ከመጀመሪያውም እንደነበረ፣ ሰብሳቢው ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ ክብደት የለውም ብሎ እንዳስቀየረው አስታውሳለች። ሰብሳቢው ይህ ያለፈ ጉዳይ መሆኑን አሳስቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ ጽሑፉ በአማርኛ እንዲሆን ተወስኗል።

ቄስ ያረጋል የቡሬው ልጅ እናት ድራማውን ማየት የሚጀምሩት ከሠርጉ ዘፈን ላይ መሆኑን ገልጸዋል። ውሳኔው በአፈጻጸም ችግር ምክንያት እንዲቆይ ተደርጓል።

ውሳኔ ሁለት፦ ሙሽራዋ ስለምትሞትበት ሁኔታ

ወንዳወቅ (ተዋናዩ) አደይ በክፍል ሁለት በክረምት ሙላት ብር በተባለው ወንዝ እንድትወሰድ፣ ዘሩም ሦስት ክፍል ሙሉ እንዲያለቅስላት ጠይቋል። ለልቅሶው ዝግጁ መሆኑንም በተግባር አሳይቷል። ወ/ሮ ሥርጉት የሚሰፉትን አቁመው ዞር ብለው አይተውታል። ውዳሴ፣ ወሩ የካቲት በመሆኑ ወንዙ በዚህ ወቅት ሰው መውሰድ ቀርቶ ቁርጭምጭሚት እንደማያርስ በማስረዳት ተቃውማለች። ሰብሳቢው ሙላቱ በድምፅ ብቻ ሊሠራ ይችላል ብሏል። የድምፅ ክፍል ኃላፊው ወንዳወቅ ይቻላል ብሎ አረጋግጧል። በአብላጫ ድምፅ እንድትሞት ተወስኗል።

ቄስ ያረጋል ከወንበራቸው ተነስተዋል። «ልጄን ግደሉልኝ አልሁ እንዴ? ካሰች ይህን ካየች ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያለቀሰች ትመጣለች። ለሠርጉ አልተጠራሁም ብላ ያኮረፈች ሴት፣ ለለቅሶውም አልተጠራሁም ስትል ማን ሊያስታርቀን ነው?»

ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔው ተሽሯል። አደይ በሕይወት እንድትቆይ ተደርጓል። ትሕትና አስተያየት አልተጠየቀችም።

ውሳኔ ሦስት፦ ፍቺ

ውዳሴ፣ ሌላ መንገድ ስለጠፋ አደይና ዘሩ በክፍል ሁለት ሽማግሌ ፊት ቀርበው እንዲፋቱ ያቀረበችው ሐሳብ ለድምፅ ቀርቧል። ሰብሳቢውና ውዳሴ ደግፈዋል። ተዋናዩ ወንዳወቅ አጥብቆ ተቃውሟል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ምን አጠፋሁና?» ብሏል። የገፀ ባሕርዩን ስሜት ከራሱ እንዲለይ ሰብሳቢው መክሮታል። ወንዳወቅ እየሞከረ መሆኑን፣ ግን ጊዜ እንደሚያስፈልገው ገልጿል። የድምፅ ክፍል ኃላፊውም ከተዋናዩ ጋር ተቃውሟል። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ድምፁ ሁለት ለሁለት በመሆኑ የሰብሳቢው ድምፅ አመዝኖ ፍቺው ጸድቋል። ትሕትና ድምፅ እንዳልሰጠች የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ውሳኔ ስለተላለፈ ወደኋላ መመለስ አልተቻለም።

ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወት ሰው ባለመኖሩ፣ ሰብሳቢው ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ያህል ቄስ ያረጋል እንዲያሳዩን ለምኗል። እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ለእሳቸው እንደማይገባ ገልጸው፣ ወንበራቸውን ወደ መሀል አስጠግተዋል።

የልምምዱ ንግግር ለትክክለኛነቱ ሲባል እንዳለ ተመዝግቧል።

ቄስ ያረጋል ዘሩን በግራ፣ አደይን በቀኝ አስቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ዝቅም አለ።

«ልጄ፣ ምን በደለሽ?» አሉ።

ውዳሴ እዚያው በጫረችው የድራማ ጽሑፍ መሠረት ትሕትና «ያመሻል» ማለት ነበረባት።

«እሱ አልበደለኝም አባቴ» አለች።

«ታዲያ ምን ሆንሁ ነው የምትይ?»

«ሳልጠየቅ ነው የተዳርሁት።»

«ማነው ያልጠየቀሽ?»

«አባቴ።»

ቃሉ ለሽማግሌው የተሰጠ መልስ ይሁን ጥሪ፣ ጸሐፊው በዚያን ጊዜ መለየት አልቻለም።

«እናትሽስ?»

«ሰምታለች። ዝም አለች።»

«ልጁን ታውቂው ነበር?»

«ፎቶውን አሳዩኝ። ከአዲስ መኪና አጠገብ ቆሟል። መኪናው የማን እንደሆነ እንኳን አልነገሩኝም።»

ውዳሴ በሹክሹክታ፣ አደይና ዘሩ አብሮ አደግ መሆናቸውን፣ በጽሑፉም መኪና የሚባል ነገር እንደሌለ አስታውቃለች። ሰብሳቢው በእጁ ዝም እንድትል አዟል።

ቄስ ያረጋል ወደ ወንዳወቅ ዞረው በጉልበቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «አንተ እንግዲህ ጥፋት የለብህም» አሉት። ወንዳወቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ወደ ትሕትና ተመለሱ።

«ስሚኝ ልጄ። ስንቱን ባልና ሚስት ሳስታርቅ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። በደለኛው ባልሽ አይደለም፣ አባትሽ ነው። አባት ልጁን ሊድር ሲያስብ ሌላው ቢቀር ዓይን ዓይኗን አይቶ ‹ምን ትያለሽ?› ይላል። እሱን ነው የምፈልገው። ጥሩት፤ ይምጣና እዚህ ፊቴ ቁጭ ይበል።»

ማንም አልተነሳም። ወ/ሮ ሥርጉት የስፌት መኪናቸውን አቁመዋል።

ወንዳወቅ የአባትን ሚና የያዘው ክንፈሚካኤል አዴት መሆኑን ለቄስ ያረጋል አስታውቋል።

ቄስ ያረጋል ትሕትናን እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ሰብሳቢው ዝምታው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዝዟል፤ ውዳሴ እንዳይያዝ ተቃውማለች፤ ጸሐፊው ሁለቱንም ይዟል።

«ይህ ነገር ከጽሑፉ ላይ ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሽማግሌው አልነበረም።

«የለም» አለች ትሕትና።

«የቡሬው ልጅ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ቤት ሳለን ባልሽኝ?»

«ቤት ውስጥ አባት ብቻ ነዎት» አለች ትሕትና። «ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ትዳር ጠልቼ አይደለም። የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። ትምህርቴን ልጨርስ፣ ሰውየውንም ልወቀው። ቤተሰቡ በስልኩ ምክንያት ሲተወኝ ደስ ነው ያለኝ፤ እርስዎ ሲያዝኑ ግን ደስታዬን የት ላስቀምጠው?»

ቄስ ያረጋል ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ቆይተው መልሰው አደረጉት።

«ሰኞ ቡሬ እሄዳለሁ» አሉ። «ሠርጉ ድራማ ነበር፣ ልጄ አላገባችም እላቸዋለሁ። እንዲያ ስላቸው ‹እንግዲያው እንቀጥል› ይሉኛል። ያን ጊዜ ልጄን አልጠየቅኋትም ነበር፣ አሁን ጠየቅኋት፣ አልሆነም እላለሁ። በሐሰት ከሚቀር በእውነት ይቅር።»

ሰብሳቢው ለዚህ ንግግር ጭብጨባ ጋብዟል። ያጨበጨበ የለም። ወ/ሮ ሥርጉት ግን በሚሰፉት ጨርቅ ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገዋል።

ወንዳወቅ በሥነ ሥርዓት ጥያቄ እጁን አውጥቶ፣ ፍቺው ከቀረ አደይና ዘሩ እንደተጋቡ ይቀጥላሉ ማለት ነው ወይ ሲል ጠይቋል። ይቀጥላሉ ተብሏል። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ያለበት ድምፅ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። ቄስ ያረጋል በደንብ አይተውት፣ «አንተም ልጄ፣ ካሜራው ሲጠፋ ጋብቻውም እንደሚጠፋ አትርሳ» ብለውታል። ትሕትና በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቃለች።

ስለ ተቀረጸው ምስል

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው፣ ልምምዱ ሲጀመር ካሜራውን ከፍቶ እንደነበርና ሁሉም ነገር መቀረጹን ለስብሰባው አሳውቋል። ሰብሳቢው በካሜራው ትንሽ መስኮት ጥቂት ካየ በኋላ ተቀምጧል። ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሠራ፣ ከዚህ በኋላም እንደማይሠራ፣ ይህ ክፍል ሁለት ሆኖ ቢለቀቅ ስማችን ባሕር ዳር ድረስ እንደሚሰማ በመግለጽ ቄስ ያረጋልን ፈቃድ ጠይቋል።

ቄስ ያረጋል «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞረዋል። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ትሕትና ጥቂት አስባ፣ ስለተጠየቀች ማመስገኗንና ምስሉ እንዳይለቀቅ መፈለጓን ተናግራለች። ምክንያቷን የጠየቃት የለም። ሰብሳቢው ግንባሩን ከስፌት ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ቆይቷል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

በሙሉ ድምፅ፣ በዚህኛው ቆጠራ ትሕትናም ተጠይቃ፣ የሚከተለው ተወስኗል፦ ከውሳኔ አንድ እስከ ውሳኔ ሦስት የተላለፉት ሁሉ እንዳልተላለፉ ይቆጠራሉ። ማስታወቂያ አይለጠፍም፣ ማንም አይሞትም፣ ማንም አይፈታም። የተቀረጸው ምስል ይጠፋል። የክፍል ሁለት ቀረጻ በተሰረዘው አጀንዳ ቦታ ይመለሳል፤ ጊዜው ግን ስላለቀ አይታይም።

ምስሉ ከመጥፋቱ በፊት ቄስ ያረጋል አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ይህን መፍቀድ የሚችለው ማን እንደሆነ በአገጩ አመልክቷል። ቄስ ያረጋል ልጃቸውን ጠይቀዋል። ተፈቅዶላቸዋል።

አባትና ልጅ በካሜራው ላይ ጎንበስ ብለው ሳለ፣ የቀሩት አባላት ወደ ደጅ ወጥተው፣ ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል። ጸሐፊው በመስኮት እንዳየው፣ ምስሉን የተመለከቱት ሁለት ጊዜ ነው።