የተቆጣጣሪው ድንጋይ

የሕዝብ ግንባታ ተቆጣጣሪነት በዋዛ የሚያዝ ሞያ አይደለም። ማየትማ ማንም መንገደኛ ያያል። ተቆጣጣሪ ማለት የሚያየውን ለይቶ የሚያውቅ፣ የማያየውን ደግሞ ከዚያ በበለጠ ጥንቃቄ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ክህሎት በሥልጠና አይገኝም፤ አብሮ ይወለዳል። እኔ በመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ስንቱን ተቆጣጣሪ አየሁ! እንደ ባለ ጫማው ያለ ግን አላየሁም፤ ደግሞም አያሳየኝ።

ባለ ጫማው የምንለው ጫማው ዘወትር እንደ መስታወት ስለሚያበራ ነው። ቁመናው ያማረ፣ ሄልሜቱ ቢጫ፣ ሰደርያው አንጸባራቂ፣ የግንብ ቀጥ ማለት የሚለካበት ቱንቢው ከነክሩ በኪሱ። ቱንቢው ከኪሱ ወጥቶ ግን አያውቅም። ክሩ ይቆሽሻላ!

የተመደበው ከተዳፋቱ ሥር ያሉትን ቤቶች ከናዳ ለመጠበቅ በሚሠራው ረጅም የድጋፍ ግንብ ላይ ነበር። መኪና የሚደርሰው እስከ ግንቡ አንደኛው ጫፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ተቋራጩ አስተዋይ ሰው ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠለት። ባለ ጫማው ከመኪናው ወርዶ ድንጋዩ ላይ ይቆማል፤ እጁን ዘርግቶ ግንቡን በመኪናው ቁልፍ ቋ፣ ቋ ያደርጋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ጠንካራ ነው» ይላል። ወደ መኪናው ይመለሳል። ቁጥጥር ማለት ይህ ነው።

ተቋራጩ ሲሚንቶ ያለ ቦታው ሲባክን ማየት አይሆንለትም። ስለዚህ የባለ ጫማው ክንድ በሚደርስበት ልክ ደህና ድንጋይ፣ ደህና ሲሚንቶ አስገባ፤ የውሃ መውጫ ቱቦውም ግንቡን ዘልቆ እንዲያልፍ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ባለው ግን ግንበኞቹ በድንጋዮቹ መሃል አፈር ይሞሉ ጀመር። የቱቦ ቁራጭም ለይምሰል ፊት ፊቱን ሰካ ሰካ አደረጉበት።

የግንበኞቹን አለቃ ሕሊና ቢጤ አስቸገረው።

«ጌታዬ፣ ወዲያኛውን ቢያየውስ?»

«በምን ሄዶ?» አለ ተቋራጩ።

ሰውዬው ወደ አፈሩ ተመለሰ።

በዚህ መሃል ድንጋዩ ዕድገት አሳየ። መጀመሪያ የፀሐይ ጥላ ተሠራለት፤ ቀጥሎ የጥላው ምሰሶዎች በኮንክሪት ቆሙ፤ በኋላም መደገፊያ ያለው ወንበር መጣ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሊጎበኙ መጥተው ጥላው ሥር ቆሙና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህ ተራ ድንጋይ አይደለም!» አሉ። «ቋሚ የቁጥጥር ጣቢያ ነው! ተሞክሮው ተቀምሮ በሁሉም ፕሮጀክቶች ይስፋፋ! ከእንግዲህ ማንኛውም ተቆጣጣሪ የሚቆመው ጣቢያው ባለበት ብቻ ነው!» አጨበጨብን። እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ደስ ያላላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የባለ ጫማው አማት ናቸው። ከግንቡ ሥር ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው የእሳቸው ነው። ከሟች ባላቸው ጋር ጭቃ እያቦኩ፣ ጡብ እየተሸከሙ ያቆሙት ቤት ነው፤ ከእሱ ሌላ በዚህ ዓለም ምንም የላቸውም። መኝታ ቤታቸው ከድንጋዩ ትይዩ ነው፤ ሳሎኑና ማድ ቤቱ ግን ወደ ወዲያኛው ይዘረጋሉ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ውለው አንድ ቀን አማቻቸውን ከጥላው ሥር አገኙት።

«ልጄ፣ ወዲያ ማዶ አፈር እየሞሉ እኮ ነው።»

«እማማ፣ እኛ የምንሠራው በሞያዊ አሠራር ነው።»

«እንግዲያው ሁለት እርምጃ ሂድና በሞያህ እየው።»

ባለ ጫማው ጭቃውን አየ። ጫማውን አየ።

«አያስቡ፤ ቤትዎ በእኔ ቁጥጥር ሥር ነው።»

«እኔስ የምፈራው እሱን አይደል!» አሉ። «ወይኔ! ለነገሩ ምን ላድርግህ፤ እኔም ልጄን ስድርልህ ከፊት ለፊትህ ብቻ አይቼ ነው።»

የዚያኑ ዕለት ብርድ ሸሽተው ሳሎን ይተኙበት የነበረውን አልጋ ጎትተው መኝታ ቤት አስገቡ። ቁም ሳጥኑን፣ ድስታቸውን፣ የባላቸውን ፎቶግራፍ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ወደዚያው ክፍል አጎሩ። ጎረቤት «አበዱ እንዴ?» አለ።

ክረምቱ ገባ፤ ውሃው ከግንቡ ኋላ ተጠራቀመ። ለይምሰል የተሰካ ቱቦ ውሃ አያወጣምና ግንቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ተጎንብሶ ሄደ። የእማማን ሳሎንና ማድ ቤት ይዞ ሄደ። ከመኝታ ቤታቸው ትይዩ ያለው ቁራጭ ብቻ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ከጎኑም ጥላው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊው ቁራጩን ግንብ ዞር ዞር ብለው አዩና ድምዳሜውን አሰሙ። «ቁጥጥር የተደረገበት ቆሟል፤ ያልተደረገበት ወድቋል። ስለዚህ ቁጥጥራችን ፍጹም ነው!» ባለ ጫማው ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። እማማም እንዲመሰክሩ ተጠየቁ።

«እናት፣ በአማችዎ ቁጥጥር ይተማመናሉ?»

«እንዴታ! የሚቆምበትን አይቼ አይደል አልጋዬን ያዞርኩት።»

ጭብጨባው ቀለጠ። የእማማ ቤት እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ፤ በዚያው ተቋራጭ፣ በዚያው ተቆጣጣሪ።

ጭብጨባው ሲበርድ ግን እያንዳንዳችን አንድ ነገር ትዝ አለን። ያን ሰሞን የገባንበትን ባለ ብዙ ፎቅ አዲስ መሥሪያ ቤት የሠራው ያው ተቋራጭ ነው፤ የተቆጣጠረውም ባለ ጫማው! ሁሉም ጥበቃውን ለብቻው እየጠራ «የቁጥጥር ጣቢያው በየት በኩል ነበር?» ይለው ጀመር። በማግስቱ ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛውን ይዞ ጥበቃው ወዳመለከተው ወደ ምሥራቁ ጥግ ወረደ። ሰው ኃይል ተከተለ። ኃላፊውም «ለሠራተኛው ቅርብ መሆን አለብኝ» ብለው መጡ። ፎቆቹ ባዶ ቀሩ። አሁን ይህን ስጽፍ የኃላፊው ጉልበት ወገቤን እየወጋኝ ነው።

እማማ ግን ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንከባለው ግቢያቸው አስገብተውታል። ባለ ጫማው ሊቆጣጠር ሲመጣ ድንጋዩን ከማዕዘኑ ሥር ያስቀምጡለታል። ይቆማል፤ ቋ፣ ቋ ያደርጋል።

«ውረድ» ይሉታል። ድንጋዩን ትንሽ ያንከባልሉና «ና፣ ውጣ!»

እንቢ ማለት አይችልም፤ ጣቢያው ባለበት መቆም የኃላፊው ትእዛዝ ነው። ተቋራጩም ድንጋዩ ነገ የት እንደሚሆን ስለማያውቅ ሲሚንቶውን ሁሉም ጋ ማስገባት ግድ ሆነበት። ጥርሱን ነክሶ ደህና ቤት እየሠራ ነው፤ ታይቶም አይታወቅ።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ራሳቸው እማማ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«እናት፣ ድንጋዩን ለጥቂት ቀን ያውሱን። በመሥሪያ ቤታችን ዙሪያ አንድ ጊዜ እናዞረውና እንመልሳለን።»

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩን።

«ለካ እናንተም የት እንደሚቆም ታውቁ ኖሯል!» አሉ። «አላውስም። ቤቴ ገና አልተዞረም። እናንተ እዚያው ጥጋችሁ ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ።»

ጠጋ ጠጋ ብለናል።