በጀርባ በኩል ገብተው ያፈርሱታል

የድሮ ሐኪም ደግ ነበር። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ያያችሁና «ትቀደዳላችሁ» ይላችኋል፤ እናንተም ትቀደዳላችሁ። ጭንቁ የእሱ፣ ጩኸቱ የእናንተ፤ ሥራ ተከፋፍሎ ነበር። የዘንድሮው ግን ሠልጥኗል፣ መብታችሁን ያከብራል። የኦፕራሲዮን ዓይነት ይደረድርላችሁና «ምርጫው የእርስዎ ነው» ብሎ እጁን ያጣጥፋል። ኧረ በማርያም! እኔ ፒያሳ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው፣ የራሴን ሸሚዝ እንኳ የምትመርጥልኝ ሚስቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግራ ኩላሊቴ ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ አናት ላይ ባቄላ የሚያህል ድንጋይ ተቀርቅሮ ተገኘ። ሐኪሙ ሥዕል እየሣሉ አስረዱኝ። አንደኛው መንገድ በሽንት ቧንቧ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ድንጋዩን በሌዘር መሰባበር ነው፤ ቢላ የለበትም፣ ቶሎ ቤት ያስገባል፤ ግን ድንጋዩ ትልቅ ስለሆነ ስብርባሪው ሊቀርና ተመለስ ሊያሰኝ ይችላል። ሌላው ጀርባን በትንሹ በስቶ፣ በኩላሊቱ በኩል ገብቶ፣ ድንጋዩን አፍርሶ ማውጣት ነው፤ ይኼኛው ጠርጎ ያወጣል፣ ግን ደም ሊያፈስ ይችላል፣ አልጋም ያስይዛል። ደግሞ በሆድ በኩል በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ ቱቦውን ከፍቶ፣ ድንጋዩን እንዳለ መልቀም አለ። «የቱ ይሻላል?» ብላቸው «ሁሉም ጥቅምም ጉዳትም አለው» አሉኝ። ይኼንንማ ሳገባም ነግረውኛል! «ብቻ አይዘግዩ፤ ከዘገዩ ኩላሊቱን ሊያጡት ይችላሉ» ብለው ሸኙኝ።

አይዘግዩ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? እኛ አገር ዘመድ ያማክራል። የሚስቴ ወንድም በቀለ «ሌዘር እያለ ማን ይበሳል? ፋራ አትሁን!» ብሎ ተቆጣኝ፤ ሌዘር የፈለሰፈው እሱ ነው የሚመስለው። ማኪያቶ የምንጠጣባት ቤት ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ የሆዱ ደጋፊ ሆኑ። «ሙሉውን ድንጋይ በእጅህ ካላስጨበጡህ ወጣ ብለህ እንዳታምን» ይሉኛል፣ የሱቅ ዕቃ የተመለሰልኝ ይመስል። ሚስቴ አስካለ በበኩሏ «ከጀርባ የሚመጣ ነገር አልወድም» ብላ ዘጋችው። እነሱ ሲከራከሩ እኔ ጎኔን ይዤ ግድግዳ እቧጥጣለሁ። አንድ እንኳ «ያምሃል ወይ?» ያለኝ ሰው የለም። ተናደድኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁም። ኩላሊቴ በስብሰባ ብዛት ሊሞትብኝ ነው።

ያላማከርናት ታላቅ እህቴን እትዬ ዘነበችን ብቻ ነው። ውቤ በረሃ አካባቢ ነው የምትኖረው፤ ደም ግፊት አለባት። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ እንዳትደነግጥ ብለን ደበቅናት።

በመጨረሻ ድንጋዩ ራሱ ወሰነ። አንድ ቀን ራስ መኮንን ድልድይ ታክሲ ስጠብቅ እጥፍ አድርጎ ያዘኝ። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ሐኪሙ ጋ ደውዬ «በጀርባ ይሁን፣ በቃኝ!» አልኩ። ሰኞ ተባልኩ። ስልኩን ኪሴ ሳልከተው እትዬ ዘነበች ደወለች።

«ሰምቻለሁ! ከእኔ ትደብቃላችሁ? ምን ተወሰነ?»

አስካለ አፏ አምልጧት የነገረቻት መሰለኝ። «ይፈርሳል እትዬ፤ ምን ይደረጋል?»

«በስመ አብ! መቼ?»

«ሰኞ። በጀርባ በኩል ገብተው ያፈርሱታል።»

«ምትክስ ይሰጣሉ?»

የኩላሊት ምትክ የምትለኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። «ምትክ ምን ያደርግልኛል? ይኼ ቢሄድ ሌላ አለኝ!»

«ሌላ አለህ?»

«ምን ይገርምሻል? ሰው ሁሉ እኮ ሁለት አለው!»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ለካ እትዬ የሰማችው የቤታችንን ወሬ ኖሯል። ዙሪያችን ያለው መንደር ለልማት ከተነሣ ወዲህ «የእናንተስ መቼ ነው የሚፈርሰው?» የማይለን ሰው የለም። ወሬው ለእሷም ደርሷት፣ ሰኞ ማለዳ ዕቃ ልታወጣልን ብትመጣ ቤቱ እንደቆመ አገኘችው፤ ጎረቤት ወደ ሆስፒታል ላካት። እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ተኝቼ ሳለ እሷ ኮሪደሩ ላይ አስካለን ይዛ «ባልሽ ሌላ ቤት እንዳለው በገዛ አፉ ነገረኝ» አለቻት። ድንጋዩንም ከዚያኛው ቤት ኑሮ ያመጣው ነው ብላ ደመደመች።

እኔ ይኼን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ማደንዘዣው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይለቀኝ ዓይኔን ስገልጥ አስካለ ከላዬ ቆማለች።

«ሌላው የት ነው ያለው?»

ለኩላሊቴ አሰበችልኝ ብዬ «በቀኝ በኩል» አልኳት።

«እኔን ስታገባም ነበረ?»

«ታዲያ የት ይሄዳል? አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮኝ አያውቅም።»

እትዬ ዘነበች አማተበች። ወዲያው ሐኪሙ ፈገግ እያሉ ገቡ። ድንጋዩ ተጠርጎ መውጣቱን፣ ኩላሊቴም መትረፉን አበሰሩንና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ሕመም አለ?» አሉኝ።

አስካለ ቀደመችኝ።

«ገና ነው» አለቻቸው።