የጋሼ አብዱረሂም ሩብ ቅሬታ

የጋሼ አብዱረሂም እጆች በትልቅ መርፌ የሽንኩርት ጆንያ አፍ እየሰፉ ነበር። በየሰፈሩ «ከፋኝ» ማለት ጭንቅ የሚሆንበት አንድ ሰው አይጠፋም፤ የሸዋ ሮቢቱን ማዕረግ የያዙት እሳቸው ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ ጆሯቸውን ቢቆርጣቸው «እጁ ፈጣን ነው» ብለው መርቀውታል። የተሳፈሩበት ባጃጅ ቦይ ውስጥ ሲገለበጥ ደግሞ፣ ከጭቃው ሳይነሱ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ለቤቴ ቅርብ ነው የጣልከኝ» አሉት ሾፌሩን።

የዚህን ደግነት ጦስ ሲችሉ የኖሩት ባለቤታቸው እትዬ ሙሚና ናቸው። የሚያፈሰው ባልዲ፣ ክዳኑ የማይገጥመው ድስት፣ እንቁላል የማትጥለው ዶሮ፣ ሁሉም «ደግ ነው» ተብሎ ከገበያ የመጣ ነው።

ያን ጠዋት የጎረቤት ልጅ ኑርሃን መጣች። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የመመረቂያ ጥናቷ ጤና ጣቢያው ያስገባው የኮምፒውተር ካርድ ሰዉን ምን ያህል እንዳረካ መለካት ነው። ሰዉ ረክቷል ከተባለ የወረቀቱ ካርድ ጨርሶ ይቀራል አለች። እትዬ ሙሚና ከጓዳ ጆሯቸውን ጣሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ካርዳቸውን አያወጣም፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚያገኙት አሮጌው ወረቀት እስኪፈለግ ቆመው ጠብቀው ነው። እሱም ከቀረ ምን ሊውጣቸው ነው?

«ጋሼ፣ በአዲሱ አሠራር ረክተዋል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ነው።»

ኑርሃን በረጅሙ ተነፈሰች። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነው የመለሰላት፤ እስላሙ አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ ተመስገን። እሷ የጠየቀችው ስለ ኮምፒውተሩ፣ እነሱ የመለሱት ለፈጣሪ። ስለዚህ ፈዚ ሎጂክ የሚባል ስሌት መያዟን ለጋሼ አስረዳቻቸው፤ አዎንና አይደለምን ብቻ አይቆጥርም፣ ሰው በአንዱ ነገር ረክቶም ከፍቶትም ቢሆን የሁለቱንም መጠን ይይዛል። ትንሽ ከፋኝ ማለት ሐሜት አይሆንብዎትም አለቻቸው።

መርፌው ቆመ። እትዬ ሙሚናም ወደ ጓዳው በር ተጠጉ።

«እንግዲያ ሦስት ሩቡን ደግ ነው በይልኝ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዱ ሩብ ግን... ሙሚና ፀሐይ ላይ ቆማ ስትውል እኔ ይከፋኛል። ወረቀቱን አይጣሉት።»

ኑርሃን ጻፈች። ጋሼ ሰው የሰደቡ ያህል አላባቸው።

ልጅቱ እንደወጣች አንድ ትእዛዝ ትዝ አላቸው። ሻካራ ሆኖ የተፈጨውን ዱቄት ወፍጮ ቤት መልሰው ባለወፍጮውን እንዲወቅሱት እትዬ ሙሚና አዝዘዋቸው ነበር። ከረጢቱን ተሸክመው በሩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ሙሚና ቀድመው ቆሙ።

«ተዉት» አሉና ከትከሻቸው ተቀበሏቸው። ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቅሬታ ይበዛበታል ብለው፣ ዱቄቱን ራሳቸው ሊነፉ ወንፊታቸውን አወረዱ።