የጋሼ ሞገስ ሜትር

በየሰፈሩ አንድ ደንብ አዋቂ አለ፤ የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው ያልሰፈረበት ነው። ለአብዱልሰመድ የደረሱት ክቡር ጋሼ ሞገስ ናቸው፤ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሠላሳ ዓመት ስምሪት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሥራቸው ግን ያልወጡ ሰው። የቦኖ ውኃ ወረፋ በቁጥር ያስይዛሉ። ባጃጅ ትርፍ ሰው ሲጭን ካዩ መንገድ ላይ ቆመው ያስወርዳሉ። አንዴ የለቅሶ ድንኳን ግማሽ ሜትር ወደ መንገድ ገፍቶ ተተክሎ ነበርና፣ ከኪሳቸው የማይለየውን ሜትር አውጥተው መጀመሪያ ለኩ፣ ቀጥለው አለቀሱ። «ደንብ ደንብ ነው» ይላሉ። አራት ነጥብ!

አብዱልሰመድ ደግሞ ጋሪ ነጂ ነው። ከማሳ እስከ አስፋልቱ ሽንኩርት የሚያመላልስለት ዳማ የሚባል ፈረስ አለው፤ አራት ልጅ የሚያድረው በዳማ ነው። የእሱንና የጋሼ ሞገስን ግቢ የሚለየው አንድ የጭራሮ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ የዳማ ጋጣ፣ ከአጥሩ ወዲያ የጋሼ ሞገስ አፍንጫ።

ሚያዝያ ላይ ዝንቡ ሲበዛ ጋሼ ሞገስ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጻፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆ ያስገባ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ይዘውት የሄዱት ለራሱ ለአብዱልሰመድ ነው።

«እንካ አንብበው። የሚከሰስ ሰው ክሱን ቀድሞ ማየት አለበት።»

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉኝ። ፋንድያውን ጠዋት ማታ እጠርጋለሁ እኮ።»

«እሱንም ጽፌልሃለሁ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።»

እውነትም «ባለፈረሱ ጽዱ ሰው መሆኑ ይታወቅልኝ» ይላል። አብዱልሰመድ ግን ሳቅ ከየት ይምጣለት?

መልሱ በግንቦት መጣ። በመኖሪያ ሰፈር ፈረስ የሚያሳድር ሰው፣ ጋጣው ሰው ከሚተኛበት ቦታ ቢያንስ አሥር ሜትር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ፈረሱ በሦስት ቀን ውስጥ ከከተማ ይውጣ። ሐሙስ ጠዋት ባለሙያ መጥታ ትለካለች። ከከተማ ውጭ ማሳደር ማለት ምን እንደሆነ አብዱልሰመድ ያውቀዋል፤ ከዳማ በፊት የነበረውን ፈረስ ሜዳ አሳድሮት ጅብ በልቶበታል። ያኔ ስምንት ወር ሙሉ ሽንኩርቱን የተሸከመው በገዛ ትከሻው ነው። ሁለተኛ አይችልም። ጋጣውን እንዳያዛውር ግቢው ጠባብ ነው፤ ከልጆቹ መኝታ አሥር ሜትር የሚሞላው ያ ጥግ ብቻ ነው።

ሐሙስ ባለሙያዋ ናርዶስ ከባጃጅ ወርዳ ገባች። ጋሼ ሞገስ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ሜትራቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ይጠብቃሉ። የእሷን ሜትር ገና ሲያዩት «ጫፉ ታጥፏል» ብለው በራሳቸው ሜትር አስለኳት።

ከልጆቹ መኝታ አሥር ሜትር ከሃያ። ከጋሼ ሞገስ ቤት ግድግዳ አሥራ ሦስት። የአብዱልሰመድ ሚስት ራሕማ በር ላይ ቆማ «አልሀምዱሊላህ!» አለች። ናርዶስም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣች። ወዲያው ዓይኗ ከአጥሩ ማዶ በሰሌን የተከደነች ዳስ ላይ አረፈ።

«እዚህ ሰው ይተኛል?»

አብዱልሰመድ ክው አለ። በግንቦት ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ጋሼ ሞገስ አሥራ አንድ ዓመት ሙቀቱን ያለፉት በዚያች ዳስ፣ በጠፍር አልጋ ላይ፣ አጎበር አንጠልጥለው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ናርዶስ ግን አታውቅም። ሽማግሌው «አይተኛም» ቢሉ በቃ፣ አለቀ። አብዱልሰመድ በዓይኑ ለመናቸው።

«ይተኛል» አሉ ጋሼ ሞገስ። «እኔው እተኛለሁ።»

ተለካ። ሰባት ሜትር።

«ምን በደልኩዎት ጋሼ?» አለ አብዱልሰመድ። «ምን ነበረበት ዝም ቢሉ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«ታዲያ ልዋሽልህ? ደንብ ደንብ ነው!» ወደ ናርዶስ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ቆይ፤ እንዳትጽፊ።»

ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉ። አልጋውን ጎትተው አወጡ። አጎበሩን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ወሸቁና የዳሷን ቋሚ አቅፈው ይነቀንቁት ጀመር። አብዱልሰመድ ያበዱ መሰለው። ቋሚው ሲነቀል ሰሌኑ ከእነአቧራው እላያቸው ላይ ወረደ፤ ከሥሩ እያስነጠሱ ብቅ አሉ።

«አሁንስ የት ነው የምተኛው?»

«እ... ቤት ውስጥ?» አለች ናርዶስ ግራ ገብቷት።

«እሱ ስንት ሜትር ነበር?»

«አሥራ ሦስት።»

«እንግዲያው ጻፊያ!»

አብዱልሰመድ አጥሩን ዘሎ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ ቆርቆሮው እኮ ይቀቅልዎታል! ደግሞስ የከሰሱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የከሰስኩት ዝንቡን ነው። ዳማን መቼ ከሰስኩ?» አሉ ተቆጥተው።

ቅዳሜ አብዱልሰመድ እንጨትና ሰሌን በጋሪው ጭኖ መጣ፤ በወዲያኛው ጥግ፣ በመንገዱ በኩል፣ አዲስ ዳስ ሊሠራላቸው። ነፋሱ እንደ ድሮው ቦታ አይደለም። ጋሼ ሞገስ ርቀቱን ሦስቴ ለኩት። ከዚያ ሜትራቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፣ ጎንበስ አሉና ጮኹ።

«አብዱልሰመድ! ጋሪህ መንገድ ላይ ግማሽ ሜትር ወጥቷል!»

አብዱልሰመድ መዶሻውን አስቀምጦ ሄደ፣ ዳማን በልጓሙ ይዞ ወደ ኋላ ገፋው። እኚህን ሰውዬ አላህ ያቆይልኝ፣ አለ በልቡ፤ ግማሽ ሜትር ሲሉት ደግሞ አንድ ሙሉ ሜትር ገፋላቸው።