ሦስተኛው ፎቶ

(ዶክተር መርዕድ የሕዋስ ተመራማሪ ነው። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆሃንስበርግ መሀል ባለ አዳራሽ ንግግር አድርጎ ለትልቅ ሽልማት ይወዳደራል። አዘጋጆቹ «ሙያውን በማያውቅ ተራ ሰው ፊት ተለማመዱ» ስላሉ፣ ከረቫቱን እንዳሰረ ከከተማዋ ዳር ያለው ዲፕስሉት ሰፈር፣ የሚስቱ ታላቅ እህት ኤርጎጌ ሱቅ መጥቷል። ላፕቶፑ የሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ፎቶ ተከፍቷል። ጭቅጭቁ ተጀምሯል።)

ኤርጎጌ፦ የተጠበሰ እንቁላል ነው አልኩህ!

መርዕድ፦ ሕዋስ ነው፣ እትዬ!

ኤርጎጌ፦ ታዲያ ይሄ መሀሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?

መርዕድ፦ ኒውክለስ። በአማርኛ አስኳል ይባላል።

ኤርጎጌ፦ ይኸው! አስኳል!

መርዕድ፦ የእንቁላል አይደለማ! ጂኖቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ይሄ አረንጓዴው ፕሮቲን ደግሞ ጂን ቀስቃሽ ነው። አስኳሉ ውስጥ ካልገባ መቀስቀስ አይችልም። በአዘቦቱ ግን ውጪ ታስሮ ነው የሚውለው።

ኤርጎጌ፦ ምን አጥፍቶ?

መርዕድ፦ ምንም!

ኤርጎጌ፦ ምስኪን! ወረቀት የለውም?

መርዕድ፦ የመግቢያ ምልክት ገላው ላይ አለ፤ ግን ተሸፍኗል። ሆርሞን ሲመጣ ይገለጣል። ያኔ ኢምፖርቲን ይዞት ይገባል።

ኤርጎጌ፦ ኢምፖርቲን... ዱርንፎንቴን ያለው ጅምላ አከፋፋይ?

መርዕድ፦ ፕሮቲን ነው! በአስኳሉ ቀዳዳ አሳልፎ ሲያስገባው፣ ራን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ያላቅቃቸዋል።

ኤርጎጌ፦ ራን? በእንግሊዝኛ ሮጠ ማለት አይደል? ሮጦ የት ሄደ?

መርዕድ፦ [ከረቫቱን እያላላ] ስሙ ነው! የትም አልሮጠም!

ኤርጎጌ፦ [በሱቁ ፍርግርግ ለአንዲት አሮጊት ዳቦ እያቀበለች፣ በዙሉ ሰላም ስትላት] ሳውቦና ጎጎ! [ወደ መርዕድ ዞራ] ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው።

መርዕድ፦ አሁን ዋናው ነገር። ፎቶ አንድ፤ ሆርሞን የለም፣ አረንጓዴው ውጪ ነው። ፎቶ ሁለት፤ ሆርሞን ጨመርን፣ ገባ። ፎቶ ሦስት፤ ሆርሞኑም አለ፣ እኔ የሠራሁት መድኃኒትም አለ። አረንጓዴው ውጪ ቀረ! መድኃኒቴ መግቢያውን ዘጋበት። ገባሽ?

ኤርጎጌ፦ ማን ገባ? ቀረ አላልክም?

መርዕድ፦ አንቺን ነው የምጠይቅሽ! ገባሽ ወይ?

ኤርጎጌ፦ ምንም። ግን ሦስተኛው ፎቶ ለምን ተዘቀዘቀ?

መርዕድ፦ አልተዘቀዘቀም።

ኤርጎጌ፦ ይቺ ጅራታሟ እንቁላል አንደኛው ፎቶ ላይ ከላይ በግራ ናት። እዚህ ከታች በቀኝ ሆናለች። ያቺ ጎኗ የተቆረሰባትም አብራት ዞራለች።

መርዕድ፦ [እየሳቀ] ሕዋሳት ይመሳሰላሉ፣ እትዬ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠናሁት እኔ ነኝ።

ኤርጎጌ፦ እሺ። [ፎቶ አንድን በስልኳ ታነሳና፣ ስልኩን ዘቅዝቃ ከፎቶ ሦስት ጎን ትይዘዋለች]

(የመርዕድ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። ፎቶዎቹን በጥድፊያ የደረደረው ራሱ ነው፤ ፎቶ አንድን ዘቅዝቆ በሦስተኛው ቦታም አስገብቶታል። ከላፕቶፑ ውስጥ እውነተኛውን ሦስተኛ ፎቶ ፈልጎ ከፈተው። አረንጓዴው አስኳሉን ሞልቶታል።)

ኤርጎጌ፦ እንዴ! ይሄማ ገብቷል!

መርዕድ፦ [በቀስታ] ገብቷል። መድኃኒቱ ምንም አልዘጋም።

ኤርጎጌ፦ ሽልማቱስ?

(መርዕድ ስክሪኑን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ዝም ብሎ ቢሄድ የሚያውቅበት እንደሌለ ልቡ ነገረው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለአዘጋጆቹ ደወለ። «ስሜን ሰርዙት። ውጤቴ ስህተት ነው» ብሎ ዘጋውና ካርቶኑ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አለ።)

ኤርጎጌ፦ [ኮካ ከፍታ እየሰጠችው] አይዞህ፣ ጠጣ።

መርዕድ፦ ሦስት ፕሮፌሰሮች አይተው አድንቀውታል! እነሱ ያላዩትን አንቺ እንዴት አየሽው?

ኤርጎጌ፦ እነሱ የምታወራው ገብቷቸው ይሆናላ። እኔ ምንም ስላልገባኝ ፎቶውን ብቻ ሳይ ነበር።