ብረት የተመታ ጫማ

በምረቃ መጽሔታችን ላይ ከእያንዳንዳችን ፎቶ ሥር አንድ አንድ መስመር ተጽፏል። የኔን ላንብብላችሁ? «ትርሲት፦ ዝም ብላ የታየችበት ቀን የለም።» አራት ዓመት አብረን በልተን፣ አብረን ተንበርክከን፣ ከዚህ የተሻለ አጡልኝ። እንዳልቆጣ ደግሞ እውነት ነው። እናቴ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ናት። እዚያ ዝም ያለ ሻጭ ደንበኛውን ለጎረቤት ነው የሚሸኘው። እና ከየት አምጥቼ ዝም ልበል?

ቅዳሜ ተመረቅን። ደስታው እስካሁን አልበረደልኝም፤ ጋዋኑን መልሺ ተብዬ ነው እንጂ ለብሼው ባድር ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው ትምህርት ቤት ልጆቹን ቀድሞ ያስመርቅና ውጤት ይጠብቃል። የኛው ግን ውጤት ከመጣ በኋላ ነው የሚያስመርቀው። መርካቶ ነዋ፤ ዕቃው ሳይታይ እልል አይባልም።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቴ ልንገራችሁ። የጀርባ አጥሩ ከምን አለሽ ተራ ጋር ነው የሚዋሰነው። አሮጌ በርሜል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በምን ይመስላችኋል? በመዶሻ ነዋ። ከጠዋት እስከ ማታ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የፊዚክሱ ቲቸር ጌታሁን የሚያስተምረን በመዶሻው መሀል ለመሀል እየሾለከ ነበር። «ፎርስ ማለት» ይላል፤ ኳ። «ማስ ሲባዛ» ይላል፤ ኳ። «በአክስለሬሽን» ይላል፤ ኳ። እኔ እስከ ዛሬ ያንን ቀመር ስጽፍ እጄ ሦስት ቦታ ላይ ይቆማል።

አቤት አላልንም? ብለናል። ዳይሬክተሩ አቤቱታችንን በደንብ ለመስማት መጀመሪያ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

ከሁሉ የሚጠነክረው መዶሻ ደግሞ የማን ነው ብትሉኝ፣ የከድር አባት የጋሽ ሸምሱ ነው። ከድር የክፍላችን ልጅ ነው። ሒሳብ ላይ ሰው አይደለም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እውነቴን ነው። ክፍሉን በሙሉ ያስጠናው እሱ ነው። እኔማ እሱ ባይኖር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቀርቼ፣ ዛሬ ስለ ምረቃ ሳይሆን ስለ በርበሬ ነበር የማወራችሁ። ኢንጂነር መሆን ይፈልጋል። ጋሽ ሸምሱም ቃላቸው አጭር ነው፤ «ካለፍክ ትማራለህ፤ ካላለፍክ መዶሻው ይኸው» ብለውታል። እንግዲህ የከድር ፈተና የሁላችንም ፈተና ሆነ።

አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብን፤ አላልንም። እሁድ እሁድ የማጠናከሪያ ትምህርት ነበረን። እሁድ መርካቶ ዝግ ነው፤ መዶሻ የለም፤ ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል። እና ክፍሉ በሙሉ ይተኛል። ከድር ሳይቀር ያንቀላፋል። ቲቸር ጌታሁን «ቅዳሜ ምን ስትሠሩ አመሻችሁ?» ብሎ ይቆጣናል። እኛም ራሳችንን እንወቅሳለን።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹ አራት ነን፤ ተናጋሪዋ እኔ። «ጋሼ፣ ለፈተናው እስክንሄድ ድረስ ትንሽ ቢያሳርፉን» አልኳቸው። ከድር ከኋላዬ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው መዶሻቸውን አዩት፤ ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በዚያ አላበቁም። የቀጥቃጮቹን መስመር በሙሉ እየዞሩ ለምነው ሁሉንም ዝም አሰኙት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ መስመር ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ደንበኛ እንኳ ሲመጣ በሹክሹክታ ነበር የሚከራከሩት፤ መርካቶ ውስጥ በሹክሹክታ ዋጋ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አልዋሻችሁም፣ ዕንባዬ መጣ። ከድር ግን በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሲያዛጋ ነው የከረመው። ድካም ነው አልን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሁን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሄዶ ነው። በአውቶቡስ ጭነው ከከተማ አወጡን። ስንሄድ ዘፈን፣ ጭብጨባ፣ ሹፌሩ ሳይቀር ከኛ ጋር ተቀበለ። ግቢው ዛፍ ብቻ ነው። የፈተናው አዳራሽ ፀጥታ ግን እንዴት እንደሚያስፈራ። የጎረቤቴ ሆድ ሲጮህ ሰምቼ «ይቅርታ» ያልኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንግሊዝኛ ነበር። ከድር አመድ መስሎ ወጣ። ግማሹን ሳይሠራ ነው የሰጠው። ምን ሆንክ ብንለው፣ ፀጥ ሲል ራሴ ይዘጋል አለን። ፈታኟ ስትራመድ ብቻ ትንሽ ይከፈትልኛል፤ ስትቀመጥ ይዘጋል አለ። ፈታኟ ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ ናት፤ ስትራመድ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ተያየን። እሁድ ለምን እንደምንተኛ ያኔ ገባን። ለካ አራት ዓመት ስናማው የኖርነው መዶሻ ነው ሲያስተምረን የኖረው።

እና ምን አደረግን? ፈታኟ እንዳትቀመጥ ማድረግ ነዋ። በማግስቱ ፊዚክስ ላይ ተራ ያዝን። አንዱ እጁን ያወጣና የወረቀቴ ጥግ ተቀዷል ይላል። ቀጭ ቀጭ ትመጣለች። እሱን ሳትጨርስ አንዷ ከወዲያ ጥግ እርሳሴ ተሰበረ ትላለች። ቀጭ ቀጭ። እኔ ስንት ሰዓት ነው ብዬ አራት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሰዓቱ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ። ከድር ግን አንገቱን ደፍቶ መልሱን ያጠቁራል። እንዴት ደስ እንዳለን አትጠይቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ሒሳብ ነው። የከድር ቀን። ፈታኟ ገባች። እግሯ አብጦ ነው መሰለኝ፣ ሸራ ጫማ አድርጋለች። ምስኪን፣ ምን ታድርግ? ስትራመድ ድመት ናት። ከድርን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ ገና ከአሁኑ ጠቁሯል።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። ወረቀቱ ሳይታደል አፌን ከፈትኩ። «ቲቸር፣ የትናንቱን ጫማ ቢያደርጉልን» አልኳት። ለምን አለችኝ። «ድምፁ ይረዳናል» አልኩ። እስቲ አሁን ይሄ ይባላል? ሴትዮዋ እጄን አፈፍ አድርጋ ያዘችና ዋናውን ተቆጣጣሪ አስጠራች።

መጣ። ቁመቱ በሩን ይሞላል። በጫማ ድምፅ መልስ ትለዋወጣላችሁ ማለት ነው፤ አንድ ኳታ ኤ፣ ሁለት ኳታ ቢ እያላችሁ ብሎ ፈረደብን። ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ። ተከልክለን ብንባረር የአራት ዓመት ልፋት፣ የጋሽ ሸምሱ ሁለት ሳምንት፣ ሁሉም በኔ አፍ ገደል ሊገባ ነው። ተቆጣጣሪው ግን አላባረረንም። ሦስቱንም ሰዓት ራሴ ነኝ የምጠብቃችሁ፤ ለአፍታም አልቀመጥም፤ አንዲት ድምፅ ብሰማ ወዮላችሁ አለ።

ወረቀቱ ታደለ። እሱም መራመድ ጀመረ።

ኳ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ኳ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ሊስትሮ ተረከዙ ላይ ብረት የመታለት ቆዳ ጫማ ነው። ኳ። ኳ። ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ። ከድር ቀና አለ፤ ጥርሱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀና አላለም። እኛም እንደዚያው። ሰውዬው በጠረጠረን ቁጥር ይፈጥናል፤ እሱ በፈጠነ ቁጥር እኛ እንፈጥናለን። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና ጨዋ ልጆች ናችሁ ብሎ መሰከረልን።

ከድር አለፈ። እንግሊዝኛው ቢጎትተውም ሒሳቡ ተሸክሞ አወጣው፤ ኢንጂነሪንግ ይገባል። እኔም አልፌያለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

ቅዳሜ ምረቃው ላይ ጋሽ ሸምሱ አዲስ ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አሳምረው መጡ። ላገኙት ወላጅ ሁሉ የሚያወሩት አንድ ነገር ነው። «መዶሻዬን ጠቅልዬ ነው ልጄን ያሳለፍኩት። ቁም ነገሩ ፀጥታ ነው» ይላሉ። ቲቸር ጌታሁን ራሱን ይነቀንቅላቸዋል። ከድር አየኝ። አፌን ያውቀዋላ። ዓይኑ «አደራሽን» ይላል። እኔም የሰውዬውን ፊት አየሁት፤ እንደዚያ የበራ ፊት አላየሁም። እና ከጠረጴዛው ላይ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ አንስቼ አፌን ሞላሁት። መጽሔቱ ላይ ያ መስመር የታተመው ተቸኩሎ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በሚቀጥለው ዓመት ተፈታኟ ልጃቸው ፈቲያ እንደሆነች ተናገሩ። ለወንድሟ ሁለት ሳምንት ነው፤ ለሷ ግን ፈተናው ሲቃረብ ሁለት ወር ሙሉ መስመሩን ዝም አሰኝላታለሁ አሉ። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ።

ታሪኩን ከወንድሟ የሰማችው ፈቲያ ክው ብላ ቀረች። የጋዋኔን እጅጌ ጎተተችና፣ «ትርሲትዬ፣ በአላህ ንገሪልኝ» አለችኝ።

ዳቦውን እንደ ምንም ዋጥኩት። ጋሽ ሸምሱ እየሳቁ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩና መረቅኋት።

«አይዞሽ ፈቲያዬ፤ ተረከዙ ብረት የተመታ ተቆጣጣሪ ይስጥሽ።»

ከድር ከጎኔ ሆኖ «አሚን» አለ።