ሊቀ ቡጢ አያ አድማሴ

በየከተማው፣ ጓንት አጥልቆ የማያውቅ ነገር ግን ቦክሰኛውን ሁሉ ካላስተማርሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የፍኖተ ሰላሙ፣ ክቡር ሊቀ ቡጢ አያ አድማሴ ናቸው። ሥራቸው እንጨት ፈለጣ ነው። ከነጋቢያቸው፣ ከነምሳራቸው ቢመዘኑ አምሳ ኪሎ ቢሞሉ ነው።

"ቡጢ የሚነሳው ከተረከዝ ነው፤ ክንድ መልእክተኛ ነው!" ይላሉ። በሠርግም ይላሉ፣ በገበያም ይላሉ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ደረቷን የምትደቃ ሴት ዘንድ ጠጋ ብለው፣ "እሜቴ፣ ከወገብዎ አልዞሩም" ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። የሰማይ ያለህ! የምገባበት ጠፋኝ።

እኔ ቡጢ ጉልበት ነው ከሚሉት ወገን ነበርሁ። የከተማችን የቡጢ አሰልጣኝ መንበሩም እንዲሁ። የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ዘንግ አያይዞ ልጆቹን ሲያስነሳ ይውላል። ከተማሪዎቹ የምታሳዝነኝ ወይኒቱ ነበረች። ለዞኑ የቡጢ ቡድን በሚመረጥበት ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች፤ ዘንድሮም ከተሸነፈች ቡጢ የሚባል ነገር እንደምትተው ለእናቷ ምላለች። ግጥሚያው ደግሞ ነሐሴ አሥር፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ዋለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ምን ሲሚንቶ ያነሳል? ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ቆርቆሮውን ከመሬት ማላቀቅ አቃታት። መንበሩ ራሱን ያዘ።

"ጾም ጉልበት ይወስዳል እንጂ ተረከዝ አይወስድም" አሉ አያ አድማሴ፣ ማንም ሳይጠራቸው የማሰልጠኛው በር ላይ ቆመው። "ስጡኝ እስቲ ልጅቱን።"

ባዶ እጇን አቁመው ተረከዝ፣ ወገብ፣ ትከሻ እያሉ ቀስ ብለው ያዞሯት ጀመር።

"አያ፣ ይህ እኮ እስክስታ ነው" አልሁ።

"እንግዲያስ አንተ ጉልበታሙ፣ ይችን ግንድ ፍለጣት" ብለው ምሳሩን ሰጡኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍሁት። ምሳሩ ግንዱ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። እሳቸው ነቅለው፣ ተረከዛቸውን ዞር ሲያደርጉ ግንዱ ሁለት ሆነ።

በግጥሚያው ቀን ወይኒቱን የገጠመቻት፣ ከቡሬ የመጣችው ያምሮት ትከሻዋ በር የሚሞላ ልጅ ናት። በሁለተኛው ዙር የወይኒቱ ተረከዝ ዞረ፣ ወገቧ ተከተለ፣ ቡጢዋ አረፈ፤ ያምሮት በጀርባዋ ተዘረጋች። ዳኛው አሥር ቆጥሮ ጨረሰ። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ፣ ከኋላዬ የነበሩትን አያን ላቅፋቸው ዞርሁ።

ምነው ሸዋ! ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋቢ ተከናንበዋል። ለካ ሊቀ ቡጢ ሰው ሲመታ ማየት አይችሉም! በዕድሜያቸው አንድም ግጥሚያ አይተው አያውቁም።

"አያ፣ አለቀ እኮ!"

"የቡሬዋ ልጅ ተነሳች?" አሉ ሳይዞሩ።

"ተነሳች።"

"ማል እስቲ።"

"ሚካኤልን! ተነስታ ወይኒቱን አቅፋታለች።"

ጋቢው ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያን ያህል ዓመት የሸሸኋቸውን ሰው በዚያች ሰዓት ወደድኋቸው። ማን እንዳሸነፈ የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።